ቀለም የጫነች ታንኳ

ማረው ሚስቱን ለማየት ወደ ወረታ በሚወጣበት ቀን ሁሉ ሜዳው ጭጋግ ለብሶ ያድራል፤ ወይም ለእሱ እንዲያ ይመስለው ነበር። ከርብ ወንዝ አጠገብ ካለችው መንደሩ ተነሥቶ በሩዝ ማሳዎቹ ድንበር ላይ ሲጓዝ እግሩ መሬት መርገጡን የሚያውቀው በጭቃው ብቻ ነው። ነጫጭ የውሃ ወፎች ከፊቱ ብድግ ብለው ጭጋጉ ውስጥ ይጠፋሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ የአስፋልቱ መኪና ድምፅ ይሰማል፤ መኪናው ግን አይታይም። ሰማይና ምድር ተጋብተው ያደሩ ይመስል ነበር።

«ሚስትህን ልትጠይቅ ነው?» ይሉታል መንገድ ላይ የሚያገኙት ሰዎች።

ቃሉ ይከነክነዋል። ሰው የታመመ ይጠይቃል፤ የታሰረ ይጠይቃል። የገዛ ሚስቱን ሊጠይቅ ሩዝና ቅቤ ተሸክሞ፣ ንጹሕ ጋቢ ለብሶ፣ እንደ አማች እየተሽኮረመመ የሚሄድ ሰው ግን ከራሱ በቀር አያውቅም።

ማስተዋል ከቤቷ የወጣችው ተጣልታ አልነበረም። የወጣችበት ክረምት ዝናቡ አልበቃኝም ያለበት ክረምት ነው። ማረው እንደ አገሩ ልማድ ከብቱን ነድቶ ወደ ደጋው ወጥቶ ነበር። ክረምት ሲገባ ሜዳው ለሰኮና መቆሚያ ስለማይኖረው የፎገራ ሰው ከብቱን ወደ ከፍታው ያሸሻል፤ አባቱም አያቱም ያደረጉት ይኸንኑ ነው። እሱ ደጋ ላይ ሳለ ርብ ዳርቻውን ጥሶ ሜዳው ላይ ተኛ። ማስተዋል ብቻዋን ነበረች። ውሃው ወገቧ ላይ ሲደርስ የቤቱን ምሰሶ አቅፋ ቆመች። ጎረቤቶች በታንኳ ሲደርሱላት እንኳ አልለቅም ስላለች ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው ያላቀቁላት።

ከዚያ ወዲያ የውሃ መንሿሿት ከሰማች እንቅልፍ እምቢ አላት። ወረታ ከተማ ልብስ እየሰፋች የምትኖረው ልጃቸው መስከረም መጥታ ወሰደቻት። «ለጥቂት ጊዜ ነው፣ አባዬ» አለችው። ክረምቱ አለፈ፤ ሩዙ ታጨደ፤ ጥር ገባ። ጥቂቱ ጊዜ ግን አላልቅ አለ። ማረው ነይ አላላትም፤ እሷም አልመጣም አላለችው። ሁለቱም ቃሉን የሚያወጣው ሌላኛው እንዲሆን የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።

ሲሄድ የሚሆነው ሁልጊዜ አንድ ነው። መስከረም ምሳ ታቀርባለች። እሱ ስለ ላሟ መውለድ፣ ስለ ሽንኩርቱ፣ ስለ እነ እገሌ ልጅ ሠርግ ያወራል። ማስተዋል ፈትሏን እያጠነጠነች «እህ» ትላለች። ድሮ ብዙ የምትስቅ ሴት ነበረች፤ ስትስቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች። አሁን ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ቀርቷል።

በጥር አጋማሽ አንድ የገበያ ቀን ግን ሲደርስ ቤት ውስጥ አጣት።

«እማዬ ከዘሊካ ደጅ ናት» አለችው መስከረም የስፌት መኪናዋን እየረገጠች። «አሁን አሁን ጠዋት ጠዋት እዚያ ናት።»

ዘሊካ ግቢውን የምትጋራቸው ጎረቤት ናት፤ ከባሏ ከመሐመድሰዒድ ጋር የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ማረው ወደዚያ ዞር ሲል ሚስቱን ከደጃፉ ተቀምጣ አያት። ፊት ለፊቷ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ አለ። ቆርቆሮው ውስጥ ከክንድ የማትበልጥ፣ ክብ፣ ድንክ ቁጥቋጦ በቅላለች። ማረው መጀመሪያ አበባ መሰለችው። ቀረብ ሲል ያ ሁሉ ቀለም ቅጠል ነው። ጫፍ ጫፉ ላይ ያለው ለጋ ቅጠል እንደ ፍም ቀልቷል፤ ከሥሩ ያለው ዳር ዳሩ ወርቅ ሆኖ መሐሉ አረንጓዴ ነው፤ ጥላ የያዘው ደግሞ ወይን ጠጅ ይመስላል። በዚህ ሁሉ መካከል ትንንሽ ነጫጭ አበቦች እንደ ቃጭል ተንጠልጥለዋል።

ማስተዋል በሌባ ጣቷ አንዱን ቅጠል ከሥር ደግፋ ይዛለች።

«ጠዋት ሌላ ነው፣ ከሰዓት ሌላ ነው» አለችው፤ ቀና ሳትል፣ መምጣቱን በእግሩ ኮቴ ዐውቃ። «ትናንት ይኼ ቢጫ ነበር። እየው ዛሬ።»

ማረው አየ። ግን ቅጠሉን ሳይሆን እሷን ነው ያየው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ሳይጠይቃት የነገረችው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር።

«ስሙ ማን ነው?» አላት።

«እንጃ። የዘሊካ ልጅ አሚር ከባሕር ዳር፣ ችግኝ ከሚሸጡት ነው ያመጣላት። ስሙን ነግሯት ነበር፤ ጠፋባት።» ቅጠሉን በጣቷ ዳሰሰችና፣ «ስም ባይኖረውስ» አለች። «እዚህ ስቀመጥ የምሰማው ነገር የለም። ጆሮዬ ያርፋል።»

ያን ቀን ማረው ሊሰናበት ሲነሣ ወደ ሱቁ ጎራ አለ። ዘሊካ ጨርቅ እየለካች ነበር።

«ደኅና ዋልሽ ዘሊካ። አንድ ነገር ልለምንሽ ነበር።»

«ይዘዙኝ እንጂ ጋሼ ማረው።»

«ከዚያች ከደጅሽ ካለችው… ዘንጠፍ ተደርጎ ቢተከል ይበቅላል?»

ዘሊካ መቀሷን አስቀመጠች። ፊቱን አየችው፤ ከዚያ ከግቢው የተቀመጠችውን ማስተዋልን አየች፤ ገባት። ማስተዋል ወደ ቤት እስክትገባ ጠብቃ ከቁጥቋጦዋ ላይ ጥቂት ቀንበጦች ቆረጠችለት፤ ለጋም ያልሆኑ፣ ያላረጁም። የታች ቅጠሎቻቸውን አራግፋ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለችና ሰጠችው።

«ለሷ እንዳትነግሪያት» አላት። «ይሞትብኝም ይሆናል።»

«አፌን ሰፍቼዋለሁ» አለች ዘሊካ።

ማረው ቀንበጦቹን እንደ ታቦት ተሸክሞ ሜዳውን ተሻገረ። ቤቱ እንደ መንደሩ ቤቶች ሁሉ አፈር ተቆልሎበት ከፍ በተደረገ ጉብታ ላይ ነው የተሠራው። ከጉብታው ግርጌ ምርጥ የሚለውን ጥቁር አፈር መርጦ፣ ቆፍሮ፣ ቀንበጦቹን ደረደራቸው። ጠዋት አጠጣቸው፤ ማታ አጠጣቸው። የሰጡትን የሚያበቅል አፈር ነው፤ ሩዝ ቢሉት ሩዝ፣ ጓያ ቢሉት ጓያ። ቀንበጦቹ ግን ጥቂት ቀን አረንጓዴ መስለው ቆዩና ከሥራቸው እየጠቆሩ ወደቁ። ነቅሎ ሲያያቸው በስብሰው ሸተዋል።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ለዘሊካ ነገራት። ዘሊካ የሳቀችው ሳቅ ከጎዳናው ማዶ ተሰማ።

«ጋሼ ማረው! ሩዝ መሰለዎት እንዴ? ይኼ እኮ እግሩ ውሃ ሲነካው አይወድም።»

«እንደ ሚስቴ ነው በይኛ» አለ ማረው።

ለቀልድ ነበር ያለው። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ግን ቀልድነቱ ጠፋበት። ዘሊካም ሳቋን ዋጠች። ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲመለስ ጭጋግ አልነበረም፤ ሜዳው እስከ ጣና ድረስ ጠፍጣፋ ሆኖ በፀሐይ ይንቀጠቀጣል። ማረው ግን ጭጋግ ውስጥ ያለ ሰው ያህል ሁለት ጊዜ ድንበር ስቶ የሰው ሽንብራ ውስጥ ገባ። ያ ምሰሶ፣ እነዚያ ጣቶች ናቸው ሐሳቡን የያዙት። እሷ በዚያ ውሃ ውስጥ ቆማ ስታድር እሱ ደጋ ላይ በደረቅ ሣር ላይ ተኝቶ ነበር።

ለሁለተኛው ጊዜ ቀንበጥ ሲወስድ አሠራሩን ለወጠ። ከርብ ዳር አሸዋ በጆንያ ተሸክሞ አመጣ። ወረታ ካለው የሩዝ መፈልፈያ የተጣለ እብቅ ለመነ። የከረመ የላም ፍግ ደቁሶ ሁሉንም ቀላቀለ። ከጉብታው አናት፣ በደጃፉ በስተቀኝ፣ ድንጋይ ዙሪያውን ደርድሮ መደብ አበጀና ድብልቁን ሞላበት፤ ውሃ ሲያፈሱበት ሳይቆም ወደ ታች የሚወርድ ሆነ። ቀንበጦቹን ተክሎ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቆርጦ ደፋባቸው። ከዚያ ጠበቀ።

ሦስቱ ደረቁ። አንዷ ግን ቆየች። ቆይታ ቆይታ፣ ሌሎቹን ነቅሎ ከጣለ በኋላ፣ ከጫፏ ላይ የክብሪት ራስ የምታህል ቀይ ነገር ብቅ አለች። ማረው ጠርሙሱን አንሥቶ በርከክ አለና ለረጅም ጊዜ አያት። ላሟ ከኋላው ትጮኻለች፤ የሚያልባት አላገኘችም።

ጎረቤቱ አንለይ በዚያ ሲያልፍ ሰው መሬት ላይ ተንበርክኮ ሲያይ የጠፋ ነገር የሚፈልግ መስሎት ቀረበ።

«ምን ጠፍቶብህ ነው?»

«አልጠፋብኝም። ይኸውልህ።»

አንለይ አጎንብሶ አየ። «ይበላል?»

«አይበላም።»

«ለከብት ይሆናል?»

«አይሆንም።»

«መድኃኒት ነው?»

«እንጃ። አይመስለኝም።»

«ታዲያ ምን ይሠራል?»

ማረው አሰበ። «ይታያል» አለ።

አንለይ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። በማግሥቱ መንደሩ ሁሉ «የማረው ይታያል» እያለ ያወራ ጀመር። ሴቶቹ ውሃ ሲቀዱ ጎራ ብለው «ማረው፣ ይታያልህ አደረ?» ይሉታል። እሱም «አድሯል» ይላቸዋል። ሲጀመር ፌዝ ነበር፤ ቆይቶ ግን የቁጥቋጦዋ ስም ሆኖ ቀረ።

የመጀመሪያው ክረምት ቀለል ብሎ አለፈ። በበጋው ይታያል ጉልበት አገኘች። ማረው ጠባይዋን እያጠና ሄደ። ፀሐይ ካልነካት ቀለሟን ትደብቃለች፤ አረንጓዴ ብቻ ሆና ታኮርፋለች። ስለዚህ በመደቧ ላይ ጥላ የሚጥለውን የግራር ቅርንጫፍ ቆረጠላት። የውርጭ ሰሞን ቅጠሏ ሁሉ ወደ ወይን ጠጅ ይዞራል፤ ሲሞቅ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ከመሐሏ አንድ ቀንበጥ ከሌሎቹ ሁሉ ፈጥኖ ተመዘዘ፤ ወፍራም፣ ጤናማ፣ ግን ከዳር እስከ ዳር ተራ አረንጓዴ። ማረው ደስ አለው፤ አደገችልኝ ብሎ። ለዘሊካ ሲነግራት ግን ደነገጠች።

«ይቁረጡት! ከሥሩ! የኔም እንዲያ አድርጋ ነበር። ያ አረንጓዴው ጉልበተኛ ነው፤ ከተዉት ሌላውን ሁሉ ውጦ ተራ ቁጥቋጦ ያደርግልዎታል።»

ማረው ማጭዱን ይዞ ብዙ አመነታ። ከሁሉ የበረታውን መቁረጥ ለገበሬ ከባድ ነው፤ ሰው የደከመውን ነው የሚነቅል። በመጨረሻ ዐይኑን ጨፍኖ ቆረጠው።

ሌሊት በእንቅልፉ ይታያልን ያያታል። ሕልሙ ሁሉ አንድ ዐይነት ነው፤ ሜዳው በሙሉ፣ ከርብ እስከ ጉማራ ወንዝ፣ በሷ ቅጠል ተሸፍኖ፣ ሩዙ ሁሉ ቀይና ወርቅ ሆኖ፣ ነፋስ ሲነካው ድምፅ የለውም። በዚያ መካከል ማስተዋል ስትሄድ ጀርባዋን ያያል። ሊጠራት አፉን ይከፍታል። ይነቃል። ውጭ ወጥቶ ሲያያት ይታያል በደጁ ናት፤ ጤዛ ለብሳ።

በየገበያው ቀን ሲሄድ አሁን ዝም ለዝም የነበረው ቀርቷል። ስለ ዘሊካ ቁጥቋጦ ይጠይቃታል። «አሁንስ ምን መሰለች?» ይላታል፤ እሷም ትነግረዋለች። ቅጠሉ ከጠዋት እስከ ማታ ምን እንደሚሆን፣ አበባው ሲረግፍ ከሥሩ የሚቀረው ቀይ ነገር ኮከብ እንደሚመስል፣ ሁሉን ትነግረዋለች። ማረው የራሱ ደጅ ላይ ያየውን ከሷ አፍ እየሰማ፣ እንደማያውቅ ሆኖ ይደነቃል።

ይታያል በተተከለች በሦስተኛው ክረምት ሰኔ ላይ ሰማዩ ከወዲሁ ጠቆረ። የመንደሩ ወንዶች ከብት ወደ ደጋ ሊያወጡ ሲሰበሰቡ ማረው መጥቶ ላሞቹን ለአንለይ ወንድም ለመንግሥቴ አስረከበ።

«አንተስ?» አለው መንግሥቴ።

«እኔ ዘንድሮ አልሄድም።»

«ለዚያች እንጨት ብለህ?»

ማረው የላሞቹን ገመድ አቀበለው። ለእንጨቷም ነው፤ ለእንጨቷ ብቻም አይደለም። አንድ ክረምት እንኳ ማስተዋል የቆመችበት ቦታ ቆሞ ውሃውን ማየት ፈልጎ ነበር። ይህን ደግሞ ለሰው እንዴት ይናገሩታል?

ውሃው ነሐሴ ላይ መጣ። መጀመሪያ ድምፁ ነው የደረሰው፤ ንጋት ላይ፣ ብዙ ሰው በሩቅ የሚያንሾካሹክ የመሰለ ድምፅ። ማረው በሩን ሲከፍት ሜዳው የለም። ሩዙ የለም፤ ድንበሩ የለም፤ የነ አንለይ የጭድ ክምር ብቻ እንደ ደሴት ተንሳፍፎ ይታያል። ውሃው የጉብታውን ወገብ ይዟል፤ ሳይቸኩልም ይወጣል። ማረው ምሰሶውን ተደግፎ ቆመና አዳመጠ። ድምፁ ጆሮው ውስጥ ገባ፤ ከጆሮው ወደ ደረቱ ወረደ። እንዲህ ነው ለካ አለ በልቡ። እንዲህ ሆኖ ነው ብቻዋን ያደረች።

ውሃው የደጃፉን ድንጋይ ሲነካ ብድግ አለ። ማስተዋል ትታት የሄደችው ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነበረች፤ እሷን አመጣ። ከመደቡ ዙሪያ በእጁ እየቆፈረ፣ ሥር እንዳይበጠስ እየተጠነቀቀ፣ ይታያልን ከነአፈሯ ብድግ አድርጎ ሳፋው ውስጥ አስቀመጣት። ጉልበቱ ድረስ የምትደርስ ሆናለች። ሳፋውን አቅፎ ከደጃፉ ከፍ ባለው ላይ ተቀመጠ፤ ውሃውም እግሩ ሥር ተቀመጠ።

አንለይ የደንገል ታንኳውን እየገፋ ሲመጣ ረፋድ ሆኗል። ሚስቱንና ልጆቹን አስፋልቱ ዳር አድርሶ የተመለሰ ነው።

«ናማ፣ ግባ!» ብሎ ጮኸ። ሳፋውን ሲያይ ግን መቅዘፊያውን አቆመ። «ምነው ማረው? እህል ይዘህ ብትወጣ ምናለ? ብርድ ልብስህስ?»

«እህሉ ቆጥ ላይ ነው። እሷ ከሰመጠች ግን አትተርፍም።»

«ታንኳዋ ሦስት አትችልም።»

«እኔ እዋኛለሁ፤ እሷን ውሰዳት።»

አንለይ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ጎረቤቱ ግን የሚቀልድ ሰው ፊት አልነበረውም። «ግባ፣ ግባ» አለው በመጨረሻ። «መካከል ላይ ተቀመጥ። እንዳትነቃነቅ።»

እንዲህ ሆነው ተነሡ። ዝናቡ ቆሞ፣ ደመናው ተሰንጥቆ፣ ፀሐይ በስንጥቁ ብቅ ብላ ነበር። ውሃው ጸጥ ብሎ ሰማዩን እንዳለ ይዞታል፤ ከላይ ደመና፣ ከታችም ደመና። ታንኳዋ በሁለቱ መካከል የምትንሳፈፍ እንጂ ውሃ ላይ የምትሄድ አትመስልም። ከሥራቸው በጠራው ቦታ የሩዙ ቅጠል በአንድ ወገን ተኝቶ እንደ ሴት ፀጉር ሲወዛወዝ ይታያል። የአጥር እንጨት ጫፍ ላይ ወፍ ቆማ አየቻቸው፤ አልበረረችም። ፀሐይዋ ስትነካት ይታያል ቀለሟን ሁሉ አወጣች፤ ከጎኗ ያለው ውሃ ቀላ፣ ወርቅ ሆነ፣ ወይን ጠጅ ሆነ፤ ታንኳዋ በሄደችበት ቀለሙም አብሮ ሄደ። ማረው ሕልሙ ውስጥ የገባ መሰለው። ልዩነቱ ድምፅ መኖሩ ነው፤ መቅዘፊያው ሲገባ ጥልቅ፣ ሲወጣ ጠብ ጠብ።

አንለይ ይቀዝፋል። ብዙ ከሄዱ በኋላ፣ «እውነትም ይታያል» አለ።

አስፋልቱ ዳር ሰው ተሰብስቧል። ከሜዳው የሚወጣውን ዘመዱን የሚጠብቅ፣ ከረጢት የሚያወርድ፣ ልጅ የሚያሞቅ። የነ ማረው መንደር በውሃ ተከበበ የሚለው ወሬ ጠዋት ወረታ ደርሶ ስለነበር ማስተዋልም ከመስከረምና ከዘሊካ ጋር መጥታ ቆማለች። ከመጣች ጀምሮ ፊቷን ወደ ከተማው አዙራ ነበር የቆመችው፤ ውሃውን እንዳታይ፣ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ።

«ያ ምንድን ነው?» አለ አንድ ሰው።

«እሳት ነው እንዴ? ታንኳ ላይ እሳት ያነድዳሉ?»

«ኧረ አይደለም፤ ጨርቅ ነው።»

ማስተዋል ዘወር አለች። በሩቅ፣ በዚያ ሁሉ አመድማ ውሃ ላይ፣ አንዲት የቀለም ነጥብ ትመጣለች። ሰው መኖሩን ከማየቷ በፊት ቀለሙን ዐወቀችው። ዘሊካን ክንዷን ያዘቻት።

«ያንቺዋ ናት። ደጅ አይደለም እንዴ ጠዋት ያየኋት?»

«የኔዋማ ደጄ ናት» አለች ዘሊካ። «ያቺ ያንቺ ናት።»

ታንኳዋ ገና አልደረሰችም። ማስተዋል ነጠላዋን ከጆሮዋ ላይ ለቀቀች፤ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ የአስፋልቱን ተዳፋት ወረደችና ውሃው ውስጥ ገባች። መስከረም «እማዬ!» ብላ ጮኸች። ውሃው ቁርጭምጭሚቷን ያዘ፣ ባቷን ያዘ፤ ጉልበቷ ላይ ሲደርስ ቆመች። ግን አልተመለሰችም።

ማረው ሳፋውን አቅፎ ከታንኳው ወረደ። ፊት ለፊት ቆሙ፤ ይታያል በመካከላቸው።

«ከየት አመጣሃት?»

«ከዘሊካ። ቀንበጥ ሰጥታኝ… ደጃችን ላይ ተከልኳት። ከመጠን በላይ አጠጥቼ የመጀመሪያዎቹን ገደልኳቸው።»

«ለዚህች ብለህ ከብቱን ትተህ ቀረህ?»

«ላሞቹን መንግሥቴ ይዟቸዋል።»

«አንተ ብትሞትስ?»

ሳፋው ከብዶታል፤ እጁ መዛል ጀምሯል። «ድምፁን ሰማሁት» አላት። «ምሰሶው ጋ ቆሜ። አንቺ የሰማሽውን።»

ማስተዋል ፊቱን አየችው። ዐይኗ እንባ ሞላ፤ አልፈሰሰም። እጇን ዘርግታ አንዱን ቅጠል ከሥር ደገፈች።

«ስማኝ» አለችው። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው፤ ግን ሲጠብቀው የኖረው ድምፅ ነው፤ የድሮው። «ላም ስታረግዝ ታያለህ፤ ሰማይ ሲጠቁር ታያለህ። ክረምት ሲመጣ ከብቱን ደጋ ታወጣለህ። እኛስ? እኔና አንተ ከከብት እናንሳለን?»

አንለይ ከታንኳው ላይ ሆኖ ሳቀ። ዘሊካም ከላይ ሆና ሳቀች። ማረው ሊስቅ ይሁን ሊያለቅስ ለመለየት ጊዜ ፈጀበት።

«አናንስም» አለ።

«እንግዲያስ በል፣ ውሃው ውስጥ አታቁመኝ። ያዘው በዚያ በኩል።»

ሳፋውን አንዱን ጆሮ እሷ፣ አንዱን እሱ ይዘው ተዳፋቱን ወጡ።

ያን ክረምት ማረው ከተማ ከረመ። ሥራ መፍታት አልለመደምና መስከረምን መፈናፈኛ አሳጣት፤ የሌለ አጥር አጠረ፣ ያልተበላሸ በር ጠገነ። ሁለቱ ቁጥቋጦዎች ከዘሊካ ደጃፍ ጎን ለጎን ቆሙ፤ የማረው በመጠን ትበልጣለች፤ ዘሊካም «ልጄ ቀደመችኝ» ትላለች። ማታ ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ማስተዋል ትነቃና ትቀመጣለች። ማረውም ይቀመጣል። አይዞሽ አይላትም። «እኔም ሰማሁት» ይላታል። አንዳንዴ መልሳ ትተኛለች፤ አንዳንዴም እስኪነጋ ያወራሉ። ድምፁ ጨርሶ አልተዋትም፤ እንደሚተዋትም አልተናገሩም። ስምምነታቸው ግን ቁርጥ ሆነ፤ ክረምት ክረምት ወረታ፣ በጋ በጋ ሜዳው።

ጥቅምት አልቆ ድንበሩ ሲደርቅ ማስተዋል ጉብታዋን ወጣች። ቤቱ ውሃው የደረሰበትን መሥመር ግድግዳው ላይ ይዞ ቆይቷታል። ምሰሶውን አለፈችው፤ እጇን ጣል አድርጋበት ነው ያለፈችው፤ ሰው የሚያውቀውን ሰው ትከሻ እንደሚነካ። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ የመደቡን ድንጋይ አንድ ረድፍ ከፍ አደረገች። ማረው አሸዋ ያመጣል፤ እሷ ታደላድላለች። ይታያልን ከሳፋው አውጥተው ሲተክሏት የቱ ፊቷ ወደ በሩ ይሁን በሚለው ተከራከሩ፤ ማስተዋል አሸነፈች።

በሳምንቱ ገደማ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ማረው ከማሳው ሲመለስ ሚስቱን ደጃፉ ላይ ሳትነቃነቅ ተቀምጣ አገኛት። አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች። ደነገጠና ፈጠን አለ፤ እሷ ግን በእጇ ቀስ በል አለችው። ነጫጮቹ አበቦች ተከፍተው ነበር፤ ንቦችም መጥተዋል፤ አንድ ሁለት ሳይሆኑ ብዙ፤ ቁጥቋጦዋ በነሱ ክብደት ትርገበገባለች። በአካባቢው ቀፎ ያለው ሰው የለም። ማረው ከሚስቱ ጎን ተቀመጠ። ከየት እንደመጡ ሊጠይቃት ነበር፤ ከዚያ ተወው፤ ሁለቱም ጆሯቸውን ለንቦቹ ድምፅ ጥለው ይሰሙ ጀመር።